ልጆችን ይዞ አዲስ አበባን በአንድ ቀን ማየት፡- ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ

ትምህርት ሲዘጋ በክፍለ ሀገር ያሉ ወላጆች ደጋግመው ከሚሰሟቸው ጥያቄዎች አንዱ "አዲስ አበባ መቼ ነው የምትወስዱን?" የሚለው ነው፡፡ ልጆቹ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ጥያቄው ወደ ጭቅጭቅ ይለወጣል፡፡ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እጁን ተይዞ የሚዞር ሕፃን አይደለም፤ ብቻህን ሂድ የሚባልም አይደለም፡፡ ለማደሪያ የሚሆን ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ያለው አማራጭ ማልዶ መጥቶ ሳይመሽ መመለስ ነው፡፡ ለብዙዎቹ ልጆች ያቺ ቀን ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ ድረስ የማትደገም ልትሆን ትችላለች፡፡ ታዲያ እንዴት ትዋል?

እኔ የመጀመሪያውን ሙከራ ያበላሸሁት በስግብግብነት ነው፡፡ ከአዳማ የመጡትን የእህቴን ልጆች፣ ያኔ አሥረኛ ክፍል የነበረችውን ልጅና የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድሟን፣ በአንድ ቀን እንጦጦን፣ ሁለት ሙዚየሞችን፣ አንድነት ፓርክን፣ መርካቶንና ቦሌን ላሳያቸው አቀድኩ፡፡ እንጦጦ ወጥተን ስንመለስ ስድስት ሰዓት ሆነ፡፡ መርካቶን በታክሲ መስኮት አዩት፡፡ ቦሌን ጭራሽ አልደረስንበትም፡፡ ማታ እናታቸው በስልክ "ምን ምን አያችሁ?" ብላ ብትጠይቅ ልጁ "ታክሲ" አላት፡፡

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥተዋል፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ፡፡ ልዩነቱ አንድ ነገር ነው፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ቀኑን የሚበላው የሚጎበኘው ቦታ ሳይሆን በቦታዎቹ መካከል ያለው መንገድ ነው፡፡ ስለዚህ በእግር ሊያያዝ የሚችል አንድ መስመር መርጦ የቀረውን ለሌላ ጊዜ መተው ያስፈልጋል፡፡ ለዚህ ከስድስት ኪሎ በአምስት ኪሎና በአራት ኪሎ አድርጎ ፒያሳ የሚደርሰውን መስመር የሚያህል አላገኘሁም፡፡ ከላይ ከስድስት ኪሎ ከጀመሩ እስከ አራት ኪሎ ድረስ መንገዱ ቁልቁለት ነው፡፡ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ግን በራስ መኮንን ድልድይ ወርዶ መውጣት አለበት፤ ለደከመው ታክሲ አለ፡፡

ከመነሳት በፊት

ከአዳማ የሚመጣ ሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከተነሳ በፍጥነት መንገዱ ቃሊቲ ለመድረስ ብዙ አይቸገርም፡፡ ችግሩ ከቃሊቲ በኋላ ነው፡፡ ከቃሊቲ ወደ መሀል ከተማ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አለ፤ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣና ስለሚጨናነቅ ቀኑን ሙሉ በእሱ ላይ መጣል አይመከርም፡፡ በደብረ ብርሃን በኩል የሚመጡ ላምበረት ስለሚወርዱ በመገናኛ አድርገው አራት ኪሎ መድረስ ይቀላቸዋል፡፡ ያም ሆነ ይህ ሦስት ሰዓት ላይ ስድስት ኪሎ መገኘት ከተቻለ ቀኑ ተርፏል ማለት ነው፡፡

የሙዚየሞች የመክፈቻ ሰዓትና የመግቢያ ዋጋ ይለዋወጣል፤ አንዳንዶቹ በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋሉ፤ ለዕድሳት የሚዘጉበት ጊዜም አለ፡፡ ከመነሳት አንድ ቀን በፊት መደወል ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ጠይቆ እንዲነግር ማድረግ ይገባል፡፡ ሲደውሉ "ስምንት ሰዓት" ሲባሉ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ማረጋገጥ አይርሱ፡፡ በዚህ የተነሳ የተዘጋ በር ላይ የቆመ ሰው እኔ ብቻ አይደለሁም፡፡

የወላጅ መታወቂያና የልጆቹ የተማሪ መታወቂያ መያዝ አለበት፡፡ በየበሩ ፍተሻ ስላለ ቦርሳ ቢያንስ ይሻላል፡፡ ሹራብ ግን ግድ ነው፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የአዳማ ልጅ ጠዋት በቲሸርት ከመጣ ስድስት ኪሎ ላይ ይንቀጠቀጣል፡፡ ሐምሌና ነሐሴ ልጆች የሚያርፉበት ወቅት ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መንገድ ላይ ያስቀራል፡፡ በሁለቱ የትምህርት መንፈቆች መካከል ያለው ዕረፍት ወይም የጥቅምት ቅዳሜ ይመረጣል፡፡

ስልክ ሌላው ጉዳይ ነው፡፡ ታክሲ ተራና ግርግር ባለበት ቦታ ኪስ አውላቂ አይጠፋም፤ ታክሲ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ስልክ መነካካትም አደጋ አለው፡፡ የዛሬ ልጆች የእናታቸውን ስልክ ቁጥር በቃላቸው አያውቁትም፡፡ ስልኩ ከተሰረቀ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳልና በወረቀት ጽፎ ካልሲ ውስጥም ቢሆን ማስያዝ ነው፡፡ በየደረሱበት ቦታ "ከተጠፋፋን እዚህ እንገናኝ" ብሎ አንድ ምልክት ማሳየት ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል፡፡

ስድስት ኪሎ

ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ የቆመው ሐውልት የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ ነው፡፡ ልጆች ይህን ቀን በትምህርት ቤት ተምረውታል፤ ብዙዎቹ ግን ድርጊቱ የተፈጸመው ከሐውልቱ ትይዩ ባለው ግቢ ውስጥ መሆኑን አያውቁም፡፡ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀናት የከተማው ሕዝብ ተጨፈጨፈ፡፡ በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹት ምስሎች ያንን ይናገራሉ፡፡ እዚህ ላይ ንግግር ማብዛት አያስፈልግም፤ ልጆቹ ዞረው ይዩት፡፡

ከዚያ በዩኒቨርሲቲው በር ገብቶ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ወዳለበት ወደ ቀድሞው ቤተ መንግሥት መሄድ ነው፡፡ ሕንፃው ብዙ አይቷል፡፡ በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲከሽፍ ታግተው የነበሩት ባለሥልጣናት የተረሸኑት እዚሁ ቤት ውስጥ ነው፡፡ በዓመቱ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው እዚህ ግቢ ተከፈተ፡፡ በሙዚየሙ የብሔር ብሔረሰቦች አኗኗር ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ይታያል፤ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትም አለ፡፡ የእህቴ ልጅ በመኝታ ቤቱ ብዙም አልተደነቀችም፤ "አልጋው ትንሽ ነው" ብላ አለፈች፡፡

ከቤቱ ፊት ለፊት ወደ ሰማይ የሚሄድ፣ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ታገኛላችሁ፡፡ ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን አንድ አንድ ዓመት እንዲወክል ተብሎ፡፡ ከነጻነት በኋላ ኢትዮጵያውያን በጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት፡፡ ደረጃውን ልጆቹ እንዲቆጥሩት ቢደረግ ሒሳቡን ራሳቸው ይደርሱበታል፡፡ ወንዱ ልጅ ከሁሉ የወደደው ይህንን ነው፡፡

ልጅቷን የያዛት ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ ከሙዚየሙ ስንወጣ ተማሪዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያጠኑ አየች፡፡ ቆመች፡፡ "እነዚህ ሁሉ ማትሪክ ያለፉ ናቸው?" አለችኝ፡፡ አዎ ስላት ምን እንደሚያጠኑ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ምግቡ ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ፤ እኔ ያልመለስኩትን አንዲት ተማሪ መለሰችላት፡፡ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን፡፡ በሰዓት ዕቅዴ ላይ ይህ አልነበረም፤ ባቋርጣቸው ኖሮ ግን ጉዞው ዋጋውን ያጣ ነበር፡፡ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ከንጉሥ አልጋ ይልቅ ከእሱ በሦስት ዓመት የሚበልጥ ተማሪ ይበልጥበታል፡፡ ወላጆች ለዚህ ዓይነት መቆም ጊዜ እንዲተዉ አደራ እላለሁ፡፡

አምስት ኪሎ

ብሔራዊ ሙዚየም ከስድስት ኪሎ ቁልቁል ጥቂት የእግር መንገድ ነው፡፡ እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ ድንቅነሽን ለማየት ነው የሚመጣው፡፡ ልጆች ቅር እንዳይላቸው አንድ ነገር ቀድሞ መንገር ይገባል፤ ለሕዝብ የምትታየው ቅጂዋ ናት፡፡ ዋናው አፅም ለጥንቃቄ ሲባል ተለይቶ ይቀመጣል፡፡ ከ1999 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2005 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ከሰላም ጋር ወደ ፕራግ ተጉዞ ነበር፡፡

ድንቅነሽ የተገኘችው በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር ነው፡፡ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፤ ከሙሉ አፅሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል፤ ቁመቷ አንድ ሜትር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፡፡ ለልጆች ቁመቷ ይገርማቸዋል፤ ከጎኗ ቆመው ይለካካሉ፡፡ "ሉሲ" የተባለችው ደግሞ አጥኚዎቹ በካምፑ ያደምጡት ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ነው፤ ይህን ያልሰማ ጎረምሳ ሲነገረው ጆሮውን ይሰጣል፡፡ ሰላምን አልፎ መሄድ ጥፋት ነው፡፡ በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ በኢትዮጵያዊው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራ ቡድን ያገኛት ይህች ሕፃን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ያህል የሆናት ናት፡፡ የላዩ ፎቅ ሥዕልና ዘውድ ደክሟቸው ከሆነ በፍጥነት ቢታለፍ ቅያሜ የለም፡፡

ምሳ

በአምስት ኪሎና በአራት ኪሎ መካከል ተማሪ የሚበላባቸው ርካሽ ቤቶች ሞልተዋል፡፡ ወላጅ ጥብስ ወይም ሽሮ ያምረዋል፤ ልጅ ቺፕስና በርገር፡፡ አልጣላም ያለ ወላጅ የምሳውን ምርጫ ለልጆቹ ይተው፡፡ እኔ ከዚያም አልፌ የቀኑን ገንዘብ ለወንዱ ልጅ ሰጠሁት፡፡ ታክሲ እሱ ይከፍላል፣ መልስ ከወያላው እሱ ይቀበላል፣ ምሳ እሱ ያዛል፤ ሲጎድል ጁስ የሚቀርበት እሱው ነው፡፡ ስድስት ሰዓት ላይ የአንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ዋጋ ሰምቶ "ለሁለት እንካፈል" አለ፡፡ ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ የጾም ምግብ በየቦታው ስለሚገኝ አያስቸግርም፡፡

አራት ኪሎ ላይ ያለው ሐውልት የሚያዝያ 27 ነው፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ቀን መታሰቢያ፡፡ ጠዋት ከየካቲት 12 ሐውልት ለተነሳ ልጅ በሁለቱ መካከል ያለው አራት ዓመት ግልጽ ይሆንለታል፡፡ በአካባቢው ቤተ መንግሥትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስላሉ ካሜራን በየአቅጣጫው ማዞር ከጥበቃ ጋር ያጋጫል፤ ልጆቹን ያስጠንቅቁ፡፡

ፒያሳ

ፒያሳ ሲደርሱ አባት ወይም እናት የሚፈተኑበት ሰዓት ነው፡፡ በወጣትነታችሁ የምታውቋት ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በብዛት ፈርሳለች፡፡ "እዚህ ጋ ኬክ ቤት ነበር፣ እዚያ ጋ ደግሞ..." እያሉ በባዶ ቦታ ላይ ጣት መቀሰር ልጆችን ያሰለቻል፡፡ አንዴ ይበቃል፡፡

የሚታየው አልጠፋም፡፡ የአፄ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ዋዜማ የተመረቀ፣ ጣሊያን ሲገባ ያወረደው፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው፡፡ ከአጠገቡ ባለው ባለ ስምንት ማዕዘን ጊዮርጊስ ካቴድራል ነው ንጉሡ ዘውድ የጫኑት፡፡ ወደ ውስጥ የሚገቡ ከሆነ ለሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ይያዝ፡፡ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም የተመረቀው በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሲሆን ለጎረምሶች ከሁሉም የሚስማማው እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰፊ ነው፣ ፎቶ የሚያነሱበት አያጡም፡፡ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ግን አይበቃውም፡፡

ሙዚየም የሚባል ነገር የማይወዱ ልጆች ካሏችሁ መስመሩን ሙሉ ለሙሉ ቀይራችሁ አንድነት ፓርክን ብቻ ያዙ፡፡ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ፓርክ የምኒልክን የግብር አዳራሽና ጥቁር ጋማ አንበሶችን ጨምሮ ግማሽ ቀን ይፈጃል፡፡ መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ የሰው አፅም የሚታይበት ስለሆነ ለትልልቆቹ እንጂ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አልመክርም፡፡ እንጦጦ የራሱን ቀን ይፈልጋል፡፡

ከፒያሳ መነሳት ያለበት ቢዘገይ አሥር ሰዓት ላይ ነው፡፡ አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል፣ ቃሊቲ ሲደርሱም ይመሻል፡፡ ለመመለሻ የሚሆነውን ብር ጠዋት ከሌላው ለይቶ በወላጅ ኪስ ማስቀመጥ ይገባል፡፡ ገንዘብ ያዡ ልጅ እንኳ እንዳይነካው፡፡