ባንኩ ካርቱም ሲወለድ

አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ከተፈረመ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የአፍሪካ የገንዘብ ሚኒስትሮች ካርቱም ተሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1963 የ23 መንግሥታት ተወካዮች የአፍሪካ ልማት ባንክን ያቋቋመውን ስምምነት ፈረሙ።

የቤቱ ጌታ የሱዳኑ ገዥ ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ነበሩ። በኖቬምበር 1958 ሥልጣን እንደያዙ ሕገ መንግሥቱን አግደው፣ ፓርላማውን በትነው፣ ፓርቲዎችን ዘግተዋል። እንግዶቹ ብዕራቸውን ሲያነሡ በከተማዋ አንድም ሕጋዊ ፓርቲ አልነበረም።

ስምምነቱም በዚህ አይጨነቅም። 38ኛው አንቀጽ ባንኩ በአባል አገር ፖለቲካ እጁን እንዳያስገባ፣ ብድር ሲወስንም የመንግሥቱን የፖለቲካ ባሕርይ ትቶ ኢኮኖሚውን ብቻ እንዲመዝን ያዛል። ከቅኝ ግዛት ገና ለተላቀቁ አገሮች ይህ ደህና ጋሻ ነበር፤ የትናንቱ ገዥ በብድር ሰበብ ተመልሶ እንዳይገባ። ጋሻው ግን አቡድንም ከለለ።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። የዓለም ባንክ መተዳደሪያም ከ1944 ጀምሮ ይህንኑ ይላል፤ በተግባር ምን እንደሚመስልም ሱዳን ቀድማ አይታዋለች። ባንኩ ለሱዳን ምድር ባቡር 39 ሚሊዮን ዶላር ያበደረው በ1958፣ ከመፈንቅለ መንግሥቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ወታደሮቹ ከገቡም በኋላ አልሸሸም። በ1960 ለመናጊል መስኖ፣ በ1961 ደግሞ ከኢትዮጵያ ድንበር ሳይርቅ ዓባይ ላይ ለተሠራው የሮሴሪስ ግድብ አበደረ። ግድቡ በ1966 ሲያልቅ አቡድ ሥልጣን ላይ አልነበሩም።

በኦክቶበር 1964 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ደቡብ ሱዳን ጉዳይ ሊወያዩ ሲሰበሰቡ ፖሊስ ተኮሰ። ሐኪሙም ጠበቃውም ሥራ አቆመ። ያ ሁሉ ብድር የፈሰሰበት የምድር ባቡር ሠራተኛም አብሮ አደመ። ጄኔራሉ በኖቬምበር ለቀቁ። በዚያው ወር የአፍሪካ ልማት ባንክ ገዥዎች ሌጎስ ላይ የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን አደረጉ፤ የባንኩ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም የአቡድ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ማሙን በሔሪ ሆኑ። ሰውየው ከዚያ በፊት የሱዳን ባንክ የመጀመሪያ ገዥ ነበሩና ሹመቱ አያስገርምም።

ሌላው የሱዳን ወታደር ኦማር አል በሽር በ1989 ሥልጣን ይዘው ፓርቲውንም ጋዜጣውንም ሲዘጉ የዓለም ባንክ ወዲያው አልወጣም። በ1993 ገንዘብ መልቀቅ ያቆመው ሱዳን ዕዳዋን አልከፍል ስላለች ነው።

ውዝፉ የተቃለለው በ2021 ነው። ካርቱም ላይ ለተወለደው ባንክ ብቻ 413 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበረባት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 25 ጄኔራል አብዱልፈታህ አል ቡርሃን ከበሽር ውድቀት በኋላ የተቋቋመውን የሽግግር መንግሥት በተኑ፤ የዓለም ባንክ በሁለት ቀን ውስጥ ክፍያውን አቆመ። ደንቡ ያው የ1944ቱ ነው። አቡድ ግን የመናጊልን ብድር የተቀበሉት ሥልጣን በያዙ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ነበር።