አሻንጉሊት፣ ጭድ እና አስቤስቶስ

ወዳጆቼ፣ ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደጋገመ ደርሶኛል፦ «ጋሼ፣ ለአሻንጉሊት መሥሪያ ሳይተኮስ በአየር የሚደርቅ ሸክላ የቱ ይሻላል? የሠራነው ሁሉ እየተሰነጠቀ አስቸገረን።» ባጭሩ መመለስ ይቻላል። ግን ነገሩ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ትንሽ የሚያስደነግጥ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ፣ ጭቃ ለምን ይሰነጠቃል? የሸክላ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶች በመካከላቸው ውሃ ይይዛሉ። ውሃው ሲወጣ ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ፣ ዕቃው ይኮማተራል። ላዩ ቀድሞ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከሆነ መሰንጠቅ አይቀርም። የጭቃ ቤት ሲመረግ ጭቃው ላይ የጤፍ ጭድ የሚጨመረው ለምን ይመስላችኋል? ጭዱ ጭቃውን ሰቅዞ ስለሚይዘው ነው። ሸክላ ሠሪዎችም ለዚሁ ብለው አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይቀላቅሉበታል። ዛሬ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ሸክላ ምስጢሩም ከዚህ አይርቅም።

ጃፓኖች ይህን ለአሻንጉሊት ተጠቅመውበታል። በየዓመቱ የካቲት ወር ማገባደጃ (በፈረንጆቹ ማርች 3) የሴት ልጆች በዓል አላቸው፤ ያን ቀን ሂና የሚባሉትን አሻንጉሊቶች ይደረድራሉ። በባህላዊው አሠራር ራሳቸው የሚሠራው ቶሶ ከሚባል ሊጥ ነው፦ የኪሪ ዛፍ ሰጋቱራ በስንዴ ሙጫ ተለውሶ። ሲደርቅ ከባሕር ዛጎል የተፈጨ ነጭ ዱቄት በሙጫ በጥብጠው ደጋግመው ይቀቡታል፤ ፊቱ ያንን የለሰለሰ ንጣት የሚያገኘው ከዚያ ነው። እሳት የለም፣ ምድጃ የለም።

አሁን ወደ ጣሊያን እንሂድ። በ1962 እ.ኤ.አ. ዳሪዮ ሳላ የሚባል ሰው በአየር የሚደርቅ ሸክላ አወጣ፤ ዳስ የሚለው ስሙም ከእሱ ስም የተወሰደ ነው። ምድጃ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነበርና በየክፍሉ ገባ። ችግሩ ጭቃውን የሚይዘው ቃጫ ላይ ነው። ከ1963 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. በተመረተው ዳስ ውስጥ የነበረው ቃጫ አስቤስቶስ ነበር! ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር፣ ካንሰሩም ብዙ ጊዜ አሥርት ዓመታት ቆይቶ የሚታይ ማዕድን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በሴሉሎስ ስለተተካ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሌላ ነው። ሆኖም ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች አሮጌዎቹን እሽጎች መርምረው ጉዳዩን ይፋ ያደረጉት ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በእጃቸው ያቦኩ ልጆችና መምህራን ምን እንደያዙ አያውቁም ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው፦ የሚያቦኩትን አለማወቅ። ጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ትናንሽ የሸክላ ምስሎች እየሠሩ ለጎብኚ ይሸጡ ነበር። የእነሱ በእሳት የሚተኮስ ነው። ግን የቱ አፈር እንደሚኮማተር፣ የቱ እንደሚጸና በእጃቸው ዳስሰው ያውቃሉ። እኛ ደግሞ ሸክላ ሠሪውን «ቡዳ» እያልን አራቅነው፤ ያን ጊዜ እውቀቱንም አብረን አራቅነው። አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬም በየገበያው ሸክላ ይዘው የሚቀመጡ እናቶች አሉ፤ ስለ አፈር ግን ማንም አይጠይቃቸውም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውላችሁ። እሽግ ከገዛችሁ ምን እንደተቀላቀለበት አንብቡ፤ ምንም ያልተጻፈበትን ለልጅ አትስጡ። ከየቤቱ የተገኘ አሮጌ እሽግ ካለ አትክፈቱት። ገንዘብ ካጠረ የተዘፈዘፈ ጋዜጣ ወይም የተነፋ ሰጋቱራ በስንዴ ሙጫ ለውሱ፤ የጃፓኖቹ ዘዴ ነው። አሻንጉሊቱን ድፍን አታድርጉት፤ ውስጡን በሽቦና በወረቀት ሠርታችሁ ላዩን በስሱ ልበጡት። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ፣ እያገላበጣችሁ አድርቁት። ስታለሰልሱት በደረቁ አትፈግፍጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይሁን፤ የማንኛውም ሸክላ ብናኝ ለሳንባ አይበጅም። ደግሞም ያልተተኮሰ ነውና ከውሃ ጠብቁት።

በየአካባቢያችሁ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ካሉ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም እዚህ ከሥር ጻፉልኝ። እኔም ልማር።