ግድግዳው ከሜዳው ሲነሳ፦ የሮቦት እግር ኳስ ደንብ ታሪክ

ሮቦካፕ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሮቦቶች እግር ኳስ ውድድር ደንቡ በየዓመቱ ይከለሳል። በሰው እግር ኳስ አንድ ሕግ ሲነካ ወሬው ዓለምን ያዳርሳል፤ ከጨዋታ ውጪ የሚለው ሕግ በ1925 ከሦስት ተጫዋች ወደ ሁለት ዝቅ ማለቱ፣ በረኛ ከጓደኛው በእግር የመጣለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ በ1992 መከልከሉ እስከ ዛሬ ይወሳል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሮቦቶቹ ጨዋታ ግን የሜዳው ስፋት፣ የኳሱ ቀለም፣ የተጫዋቹ ቁጥር፣ የግቡ ቋሚ ሳይቀር ተለዋውጧል። ለውጡ ይብዛ እንጂ አቅጣጫው አንድ ነው። ሮቦቶቹ መጫወት እንዲችሉ መጀመሪያ ላይ የተደረገላቸው ማቅለያ ሁሉ ተራ በተራ እየተነጠቀ ሄዷል።

ሮቦት ኳስ ይጫወት የሚለውን ሐሳብ በጽሑፍ ካነሱት ቀዳሚዎች አንዱ በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበሩት አለን ማክወርዝ ናቸው፤ ዘመኑ 1992 ነበር። በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥም ተመራማሪዎች በዚሁ ጉዳይ መወያየት ጀምረው ነበር። በ1993 ሚኖሩ አሳዳ፣ ያሱዎ ኩኒዮሺና ሂሮአኪ ኪታኖ ውድድር ለማቋቋም ወሰኑ። የጃፓን ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ሊግ ገና መጀመሩ ስለነበር መጠሪያውን ከዚያ ወስደው «ሮቦት ጄ ሊግ» አሉት። ከሌላ አገር ተመራማሪዎች እኛም እንግባ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን የአንድ አገር ስም ጠበበ፤ «ሮቦካፕ» ተባለ። ውድድሩ በ1995 ሞንትሪያል ላይ ይፋ ሆነ፣ በ1996 ኦሳካ ላይ ተሞከረ፣ በ1997 ናጎያ ላይ ተጀመረ። በኮሪያ ደግሞ ፕሮፌሰር ጆንግ ሁዋን ኪም የመሩት ሌላ ውድድር በ1996 ዴጆን ከተማ ላይ ተካሂዷል። የዚያኛው ተጫዋቾች ጎናቸው 7.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ኩብ ሮቦቶች ነበሩ።

እግር ኳስ የተመረጠው ተመራማሪዎቹ ኳስ ወዳድ ስለነበሩ ብቻ አይደለም። እስከዚያ ድረስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መለኪያ ቼዝ ነበር፤ ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው ናጎያ ላይ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ቼዝ ተጫዋች ተራውን ይጠብቃል፣ ሰሌዳውን በሙሉ ያያል፣ ያንቀሳቀሰው ጠጠርም ካስቀመጠበት ንቅንቅ አይልም። ኳስ ሜዳ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ኳሱ ይንከባለላል፣ ባላጋራ ይጋርዳል፣ ካሜራው የሚያሳየው ቁራጭ ነገር ነው፣ ውሳኔውም ከሌሎች ጓደኞች ጋር ተስማምቶ በቅጽበት መሰጠት አለበት። መሥራቾቹ ለዚህ ሁሉ መድረሻ አበጁለት። በ2050 ያለ ሰው እርዳታ የሚንቀሳቀሱ ሰው መሰል ሮቦቶች በፊፋ ሕግ ተጫውተው የዓለም ዋንጫ ባለቤቱን ቡድን ያሸንፋሉ አሉ። ከዚያ ወዲህ የሚቀርብ እያንዳንዱ የደንብ ማሻሻያ ሐሳብ ወደዚያ ቀን ያቀርባል ወይስ አያቀርብም በሚል ይመዘናል።

የናጎያው ደንብ ከፊፋ ሕግ እጅግ የራቀ ነበር። የትናንሾቹ ሮቦቶች ሜዳ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ነው። ይህ ለአነጋገር የተባለ አይደለም፤ በየአገሩ መጠኑ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ማንም ዩኒቨርሲቲ በቀላሉ የሚያገኘው ነገር ስለሆነ በትክክል የጠረጴዛው ልክ ተወሰደ። ኳሱ ብርቱካንማ የጎልፍ ኳስ ሲሆን ሮቦቶቹ የሚመሩት ከላይ በተሰቀለ ካሜራ ነበር። የመካከለኞቹ ሜዳ የዘጠኝ ጠረጴዛ ስፋት ነበረው፤ እነሱ ካሜራቸውን በላያቸው ተሸክመው ይጫወታሉ። ኳሱ እንዳይወጣ ሜዳው ዙሪያውን በግድግዳ ታጥሯል። በኮምፒውተር ውስጥ ብቻ በሚካሄደው የሲሙሌሽን ሊግ ግን፣ ኢትሱኪ ኖዳ በሠሩት ፕሮግራም አማካይነት፣ ከመነሻው 11 ለ11 ተጫወቱ። አካል የሌለው ተጫዋች በሙሉ ቁጥር ሲሰለፍ አካል ያለው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

በመካከለኞቹ ሊግ ከደንብ ለውጦች ሁሉ ብዙ ነገር የቀየረው የግድግዳው መነሳት ነው። በ1998፣ በ2000 እና በ2001 ዋንጫውን የወሰደው የጀርመኑ ሲ.ኤስ. ፍራይቡርግ ነበር። የዚህ ቡድን ሮቦቶች ርቀት የሚለካ ሌዘር ተገጥሞላቸዋል። ሌዘሩ ግድግዳውን እየመታ ሲመለስ ሮቦቱ ከየትኛው ማዕዘን ምን ያህል እንደራቀ በሴንቲ ሜትሮች ልዩነት ያውቃል። ሌሎች ቡድኖች ብዥ ካለ የካሜራ ምስል የት እንዳሉ ሲፈልጉ የፍራይቡርግ ሮቦቶች ቦታቸውን አውቀው፣ ኳሱን የት እንዳዩት ለጓደኞቻቸው በሬዲዮ አስታውቀው ይንቀሳቀሱ ነበር። ብልህ አሠራር ነበር፤ ግን የእግር ኳስ ሜዳ ግድግዳ የለውም።

በ2002 ፉኩኦካ ላይ ግድግዳው ተነሳ። ሌዘር የሚመታው ግድግዳ አጣ። ሜዳ ላይ የቀረው የተሰመረ ነጭ መስመር ነው፤ መስመር ደግሞ በዓይን እንጂ በሌዘር አይያዝም። ከዚያ ወዲህ በሮቦቱ አናት ላይ ወደ ሾጣጣ መስታወት የሚመለከት፣ ዙሪያውን በአንድ ጊዜ የሚያይ ካሜራ የሊጉ መለያ ሆነ። የዚያን ዓመት ዋንጫ የጃፓኑ ኬዮ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አይገን ወሰደው። የአጨዋወቱም መልክ ተቀየረ፦ ድሮ ማዕዘን ላይ ተጣብቆ ይቀር የነበረ ኳስ አሁን ይወጣል፣ የወጣ ኳስ ይወረወራል ወይም ይመታል፣ የቆመ ኳስ ለመጀመር ደግሞ ማቀበል ያስፈልጋል። ሮቦቶች ኳስ መቀባበልን እንዲማሩ ካደረጋቸው ነገር አንዱ ይኸው ነው። ቆየት ብሎ ኳስን ከራስ ሜዳ እየገፉ ብቻ የመሃል መስመሩን ማለፍ ተከለከለና ቅብብሉ ግዴታ ሆነ።

በሌላ በኩል ሶኒ ኩባንያ አይቦ የተባለውን ባለ አራት እግር ሮቦት ውሻ ይዞ መጣ። በ1998 ፓሪስ ላይ በሦስት ቡድኖች ለትርኢት ተጫወቱ፤ በ1999 ስቶክሆልም ላይ ሊግ ሆነ። ደንቡ ማንም ሰው የሮቦቱን አካል እንዳይነካ ይከለክላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ውሻ ይገዛል፤ የሚወዳደረው ፕሮግራሙ ነው። የአውስትራሊያው ኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ2000 ውሻውን በፊት መዳፉ ሳይሆን በክርኑ አስኬደው። አስቂኝ አካሄድ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ፣ የኋላው ከፍ ብሎ፣ እንደሚሰግድ ሰው። ግን ፈጣን፣ የማይወላገድና ለኳስ ቅርብ ስለነበር በዚያ ዓመትም በተከታዩም ዋንጫ በላ። በዚህ ሊግ ከውድድር በኋላ የፕሮግራሙን ኮድ ለሁሉም መልቀቅ ልማድ ስለሆነ ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹም በክርን ይሄዱ ጀመር።

የውሾቹ ሜዳ የቀለም ትርኢት ነበር። ኳሱ ብርቱካንማ፣ አንዱ ግብ ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ሲሆን በሜዳው ዳር ሮዝና ሌላ ቀለም የተቀባ ምሰሶ ቆሟል። ውሻው ብርቱካንማ ነገር ካየ ኳስ ነው፣ ቢጫ ካየ ግብ ነው። ችግሩ ቀለም በብርሃን መለወጡ ነው። ተማሪዎች ከጨዋታ በፊት ሜዳው ላይ ተንበርክከው ውሻው በዚያ አዳራሽ መብራት ምኑን ብርቱካንማ እንደሚል ሲያስተካክሉ ያመሻሉ። ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ተመልካች ወደ ሜዳው ጠርዝ ከተጠጋ ኳስ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሶኒ በ2006 አይቦን ማምረት አቆመ። በ2008 ሱዡ ከተማ ላይ ውሾቹ የመጨረሻ ጨዋታቸውን አደረጉ፤ በቦታቸው የፈረንሳዩ አልዴባራን ኩባንያ የሠራው ናዎ የተባለ ባለ ሁለት እግር ሮቦት ገባ።

ከናዎ ጋር የቀለሙ እርዳታ እየተቀነሰ መጣ። በ2012 ሁለቱም ግቦች ቢጫ ሆኑ። ለተመልካች ኢምንት የሆነው ይህ ለውጥ ለሮቦቱ ዱብ ዕዳ ነበር። ሜዳው ከሁለቱም በኩል አንድ መልክ ስላለው፣ ወድቆ የተነሳ ሮቦት ፊቱን ወዴት እንዳዞረ የሚነግረው ምልክት የለም። የተምታታበት ተጫዋች ኳሱን አሳምሮ ገፍቶ በራሱ ግብ ያስቆጥራል። ቡድኖቹ መላ ያገኙት ከጓደኛ ነው፤ እኔ ኳሱን በስተግራ ሳየው ሌሎቹ በስተቀኝ ካዩት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብሎ የሚያስብ ፕሮግራም ጻፉ። ቀጥሎ ግቦቹ ነጭ ሆኑ። በ2016 ብርቱካንማው ኳስ ቀርቶ ጥቁርና ነጩ መጣ። ነጭ ኳስ፣ ነጭ መስመር፣ ነጭ ቋሚ፣ በዚያ ላይ ራሱ ናዎም ነጭ ነው! ቀለም መለየት ብቻውን ዋጋ አጣና ከምሳሌ የሚማሩ የነርቭ መረብ ፕሮግራሞች የቡድኖቹ መደበኛ መሣሪያ ሆኑ። የዳኛ ፊሽካም እንዲሁ በደረጃ ነው የገባው። በፊት ጨዋታው መጀመሩን በገመድ አልባ መልእክት የሚነግራቸው ኮምፒውተር ነበር። ፊሽካ መስማት አስቀድሞ ለብቻው እንደ ፈተና ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ደንቡ ገባ።

በ2002 የተጀመረው የሰው መሰል ሮቦቶች ሊግ የመጀመሪያው ፈተና ሳይወድቁ መራመድ ነበር፤ ፍጹም ቅጣት ምት መምታት ራሱ እንደ ድል ይቆጠር ነበር። ሁለት ለሁለት የተጫወቱት በ2005 ነው። እዚህ ደንቡ ከሌሎቹ ይጠብቃል። ሰው የሌለውን የስሜት ሕዋስ ሮቦቱም አይኖረውም፤ ሌዘር ክልክል ነው፣ ዙሪያውን የሚያይ ካሜራ ክልክል ነው። እንዳይወድቅ ተብሎ እግሩን እንደ ሰፌድ ማስፋትም አይቻልም፣ የመርገጫው ስፋት ከቁመቱ ጋር ይሰላል። በ2015 ምንጣፉ ቀርቶ ሰው ሠራሽ ሣር ሲነጠፍ በለስላሳ ወለል መራመድ የተማሩ ሮቦቶች እንደ ሰካራም ይንገዳገዱ ጀመር። ትልልቆቹ ሮቦቶች ደግሞ ውድ ስለሆኑ ሲወድቁ ይሰበራሉ። ስለዚህ ለየአንዳንዱ ሮቦት ከኋላው እጁን ዘርግቶ የሚከተል ሰው ተፈቅዶለት ነበር፣ ገና መሄድ የጀመረ ሕፃንን እንደምትከተል እናት።

ማሻሻያ የሚረቀቀው በየሊጉ ባለው የቴክኒክ ኮሚቴ ነው። አባላቱ ከተወዳዳሪ ቡድኖች የሚወጡ ስለሆኑ ዳኛም ባለጉዳይም ናቸው ማለት ይቻላል። ረቂቁ ለቡድኖች ይበተናል፣ አስተያየት ይሰጥበታል፣ የክርክሩ መልክም ከዓመት ዓመት ብዙ አይለያይም። የበረታ ቡድን ደንቡ ይክበድ ይላል፤ ቀላሉን ጨርሶታልና። አዲስ ቡድን ግን ያለፈውን ዓመት ደንብ ገና አልደረሰበትም። ሜዳ ሲሰፋ የመለማመጃ አዳራሽ ይጠባል፣ ተጫዋች ሲጨመር ሌላ ሮቦት መግዛት ግድ ይሆናል። አብዛኛው ቡድን የተማሪዎች ስብስብ በመሆኑ አሮጌውን ደንብ ጠንቅቆ የሚያውቀው ልጅ ተመርቆ ይሄዳል። ለዚህ አንዱ መፍትሔ ሊጉን ለሁለት መክፈል ሆኗል። በትናንሾቹ ሮቦቶች ሊግ በላይኛው ምድብ 11 ለ11፣ በታችኛው 6 ለ6 ይጫወታሉ። ፍትሐዊው መንገድም ይኸው ይመስላል።

ማሻሻያ ሁሉ ማክበጃ ብቻ አይደለም፤ ልጓም የሚሆንም አለ። ትናንሾቹ ሮቦቶች ኳሱን ከዓይን ፍጥነት በላይ መምታት ሲጀምሩ ገደብ ተበጀና ዛሬ በሴኮንድ ከ6.5 ሜትር በላይ መምታት ጥፋት ነው። ጨዋታው ለሰው ዓይን ስለፈጠነም አብዛኛውን ጥፋት የሚቆጥረው የኮምፒውተር ዳኛ ሆኗል። በመካከለኞቹ ሊግ ኳሱን ከሲሶው በላይ ሸፍኖ መያዝ አይፈቀድም፤ ያለዚያ ሮቦቱ ኳሱን ውጦ ይሄድ ነበር። በናዎ ሊግ ደግሞ ሮቦቶቹ በገመድ አልባ እንደ ልብ ማውራታቸው ተገድቦ ለቡድኑ በአንድ ጨዋታ የተቆጠረ መልእክት ብቻ ይሰጠው ጀመር። መልእክቱ ካለቀ ጓደኛን ማየት እንጂ መጠየቅ የለም።

የመካከለኞቹ ሊግ አሸናፊ ዋንጫውን ከወሰደ በኋላ ከሮቦካፕ ኃላፊዎች ከተውጣጣ የሰዎች ቡድን ጋር ይገጥማል። ሮቦቶቹ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ እስከ 40 ኪሎ ክብደት አላቸው፤ በጎማ ነው የሚሄዱት። ሰዎቹ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ፕሮፌሰሮች ናቸው፤ ቢሆንም ኳሱን ከፍ አድርገው ማሻገር ይችላሉ። የሚጫወቱበት ሜዳ 22 በ14 ሜትር፣ ማለትም 308 ካሬ ሜትር ነው። የዓለም ዋንጫ የሚካሄድበት ሜዳ 105 በ68 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 7,140 ካሬ ሜትር ይሆናል።