ያረጀ ኮምፒውተርና «ራም አጽጂ» ፕሮግራሞች

በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ያየኋቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት ያለፈ ነው። ሲንቀረፈፉ የሚታዘዝላቸው መድኃኒት ግን አዲስ አበባ ካለው አይለይም። ራም ያጸዳል ወይም ዲፍራግመንት ያደርጋል የሚባል ፕሮግራም በፍላሽ ይመጣና ይጫናል። በእኔ አስተያየት ይህ መድኃኒት ከበሽታው ይብሳል።

ምክንያቱን ላስረዳ። ራም የሥራ ጠረጴዛ ነው ቢባል ሃርድ ዲስክ የፋይል ካቢኔት ነው። «አጽጂው» ፕሮግራም ለራሱ ብዙ ራም ይጠይቃል። ዊንዶውስም የከፈቱትን ደብዳቤ ከጠረጴዛው አንስቶ ካቢኔት ውስጥ ለማስቀመጥ ይገደዳል። ቀጥሎ ፕሮግራሙ የያዘውን ይለቅና «ይህን ያህል ሜጋባይት ነፃ ሆነ» ብሎ ያበስራል። ወደ ደብዳቤዎ ሲመለሱ ግን ከራም በሺዎች እጥፍ ከሚዘገየው ሃርድ ዲስክ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። የዊንዶውስን ውስጠ ምሥጢር በማወቅ የሚታወቀው ማርክ ሩሲኖቪች የእነዚህን ፕሮግራሞች ከንቱነት ከዓመታት በፊት ጽፎበታል።

ራምን «ዲፍራግመንት» ማድረግ የሚባለውም ትርጉም የለውም። ዊንዶውስ ራምን የሚያድለው በ4 ኪሎባይት ቁራጭ ሲሆን ቁራጮቹ ተራርቀው ቢቀመጡም የሚያመጣው የፍጥነት ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሃርድ ዲስክ ግን የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ክንድ ስላለው የተበታተነ ፋይል በእርግጥ ያዘገየዋል። ዲፍራግመንት የሚያስፈልገው እሱ ነው። በመጀመሪያ በዲስክ ክሊንአፕ ቆሻሻውን ያስወግዱ። የኤክስፒ ዲፍራግመንተር በደንብ ለመሥራት 15 በመቶ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ሥራው ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ ባይጀምሩት ይመረጣል (የህዳሴ ግድብ ጎረቤት መሆን ዩፒኤስን አያስቀርም!)። ኤስኤስዲ የተገጠመለት ኮምፒውተር ከሆነ ግን አይንኩት፤ ያለ ጥቅም ዕድሜውን ያሳጥራል።

ራም በትክክል የሚለቀቀው ሳያስፈልጉ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች በማስቆም ነው። ኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊትን በአንድነት ተጭነው ታስክ ማኔጀርን በመክፈት ብዙ ሜሞሪ የያዘው የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ከስታርትአፕ ዝርዝር ያጥፉ። ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ የሚገረም ሰው አጋጥሞኛል፤ አንዱ ይበቃል።

እንደ ጉባ ባለ ቆላ ደግሞ ጥፋቱ ጭራሽ የሜሞሪ ላይሆን ይችላል። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ገመዱን ነቅለው፣ ክዳኑን ከፍተው የማቀዝቀዣውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ሲበራ ደጋግሞ የሚጮህ ከሆነ ራሙን አውጥተው የወርቅማ እግሮቹን በላጲስ ቀስ ብለው ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው ራም መጨመር ነው። ዲዲአር፣ ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ የመሃል ስንጥቃቸው ይለያያል። ከማንኩሽ አሶሳ ወይም አዲስ አበባ ድረስ ለግዢ ለሚላክ ሰው አሮጌውን ራም ለናሙና ማስያዝ መንገድ ያተርፋል። ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የጫኑ ከሆነም ከ4 ጊጋባይት በላይ አይግዙ፤ ትርፉን አያየውም።