የአበባው ወራትና የስሜን ተራሮች

ክረምቱ ወጥቶ ጉሙ ከገደሉ አፋፍ ሲገለጥ፣ የስሜን ተራሮች የዓመቱን ምርጥ መልካቸውን ይለብሳሉ። በሌሎች አገሮች ጸደይ የሚያመጣውን አበባ በስሜን ደጋ የሚያመጣው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 የሚዘልቀው መፀው ነው። አደይ አበባ መስኩን ቢጫ ያለብሰዋል፤ የጅንባር ፏፏቴ በክረምቱ ውሃ ሞልቶ ወደ ገደሉ ይወረወራል፤ ከአስታው ጫካ በላይም ጅብራ በጓሳው መካከል ቆሞ ይታያል። ጎብኚዎች ከሳንቃ በር ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ በብዛት መጓዝ የሚጀምሩት በዚህ ጊዜ ነው። ይኸው ወቅት ግን ለተራራው ገበሬ ገብሱ የሚያሸትበት፣ የዓመቱ ቀለብ የሚወሰንበት ጊዜ ነው። የፓርኩ ታሪክም በአብዛኛው ጎብኚውና ገበሬው አንዱን ተራራ እንዴት እንደ ተጋሩት የሚናገር ታሪክ ነው።

ስሜንን ለውጭው የሳይንስ ዓለም ካስተዋወቁት መካከል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ አካባቢውን የጎበኘው የፍራንክፈርት ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ይገኛል። ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን በሳይንሳዊ ስም የመዘገበው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ዋልያና ጭላዳ በአገሬው አንደበት የሚጠሩበትን ስም እንደ ያዙ ወደ መዝገቡ ገቡ፤ ቀበሮውም በስሜን ስም ተሰየመ። እንስሳቱ በሳይንስ መዝገብ ከመስፈራቸው በፊት የሚያውቃቸውና ስም ያወጣላቸው ሕዝብ እንደ ነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ፓርኩ በሕግ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ፣ ስሜን ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ተመዘገበ። በዚያ ዓመት በተፈጥሮ ቅርስነት የታወቁት በመላው ዓለም 4 ስፍራዎች ብቻ ነበሩ። በዚያው ዘመን ግን በሰሜኑ ገደል በኩል የነበሩ መንደሮች ነዋሪዎች ተገደው እንዲነሡ ተደረገ። በ1980ዎቹ ጦርነቱ ጠባቂዎቹን ከፓርኩ ባስወጣ ጊዜ፣ ያለፈቃዱ የተነቀለው ገበሬ ወደ እርሻው ተመለሰ። በግዳጅ የቆመ ጥበቃ ከጠባቂው ጠመንጃ በላይ ዕድሜ አልነበረውም።

የዋልያው መመናመን፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም ፓርኩን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ያስከተሉት ጉዳት እየከፋ ስለ ሄደ፣ ስሜን እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ከሚገኙ ቅርሶች ተራ ገባ። ከዚያ ለመውጣት 21 ዓመት ፈጀ። የፓርኩ ክልል ሰፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017ም ቅርሱ ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ። ሣሩ አገገመ። ከገብስና ከከብት ኑሮ ወደ ከተማ ኑሮ መሸጋገር ግን በካሣ ገንዘብ ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት ጎብኚውን ባስቀረ ጊዜም፣ በመንገድ መሪነትና በበቅሎ ኪራይ ይተዳደር የነበረው የአካባቢው ሰው የገቢ ምንጩ ደረቀ።

ስለዚህ በመፀው ወደ ስሜን ተማሪዎቹን ይዞ የሚወጣ መምህር፣ ወይም ሸራውን ዘርግቶ ገደሉን የሚሥል ሠዓሊ፣ ከዋልያው ጋር በግጭ የቀረውን የመንደር ፍራሽም አብሮ ሊመለከት ይገባዋል። ያ ስፍራ ለዘመናት ገብስ የበቀለበት፣ ለተራራውም መዳን ሲባል ባለቤቶቹ የለቀቁት ማሳ ነው።