የማሽላ ፕሮቲን፦ ከወሎ ማሳ እስከ ገዳሪፍ ምድር

ቱነይድባ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር፣ ማሽላና ሰሊጥ በሚዘራበት ሰፊ የዋልካ ሜዳ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ስሟ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ጎልቶ የተሰማው እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች መጠለያ ከሆነች ወዲህ ነው። የአካባቢው ታሪክ ግን ከስደት ታሪክ እጅግ ይሰፋል። በከሰላ አቅራቢያ በተቆፈረ ጥንታዊ መንደር በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ የቀሩት የገለባ አሻራዎች ተመርምረው በ2017 በታተመው ጥናት መሠረት፣ ማሽላ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3500 እስከ 3000 ባለው ዘመን በዚሁ ምድር በሰው እጅ መለመድ ጀምሮ ነበር፤ ይህም እስካሁን ከታወቁት የለማዳ ማሽላ ማስረጃዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ ከ1944 ጀምሮ፣ የእንግሊዝ አስተዳደር በገዳሪፍ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላ እርሻ ከከፈተ በኋላ አካባቢው የሱዳን ጎተራ ለመሆን በቃ፤ ከመተማ ማዶ የሚሻገረው ኢትዮጵያዊ የቀን ሠራተኛም የአረሙና የአጨዳው ጉልበት ሆነ።

ይህን ያህል ሕዝብ የሚመግበው እህል በውስጡ ምን ያህል፣ ይልቁንም ምን ዓይነት ፕሮቲን እንደ ያዘ ማወቅ የተቻለው ግን ዘግይቶ ነው። ዴንማርካዊው ዮሐን ኬልዳል በ1883 ያስተዋወቀው ዘዴ እህሉን በጠንካራ አሲድ አፍልቶ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን በመለካት የፕሮቲኑን መጠን ለመገመት ቢያስችልም፣ ፕሮቲኑን ራሱን ስለሚያጠፋው ስለ ዓይነቱ የሚናገረው ነገር የለም። ዓይነቱን ለማወቅ ፕሮቲኑን ሳያበላሹ ከዱቄቱ ማውጣት ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣለው በአሜሪካ የኮነቲከት እርሻ ምርምር ጣቢያ ባልደረባ የነበረው ቶማስ ኦዝቦርን ሲሆን፣ የእህል ፕሮቲኖችን በሚያሟማቸው ነገር ለይቶ፣ በውኃ የሚሟሙትን አልቡሚን፣ በጨው ውኃ የሚሟሙትን ግሎቡሊን፣ በአልኮል የሚሟሙትን ፕሮላሚን፣ በአሲድ ወይም በአልካላይ ብቻ የሚወጡትን ደግሞ ግሉተሊን በማለት በአራት መደባቸው። በ1916 በዚሁ መንገድ የማሽላው ፕሮላሚን ተለይቶ ወጣና ካፊሪን ተባለ።

ማሽላ ለአውጪው ከስንዴ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ፍሬው በደንብ ደቅቆ ከተፈጨና ቅባቱ በሚያሟማ ፈሳሽ ከታጠበ በኋላ፣ በጨው ውኃ ሲናጥ ጥቂቱ ፕሮቲን ብቻ ይወጣል፤ በሴንትሪፊዩጅ፣ ማለትም በፍጥነት እየተሽከረከረ ዝቃጩን ከፈሳሹ በሚለይ መሣሪያ፣ ከተጣራ በኋላ የቀረው ዝቃጭ 60 በመቶ ገደማ በሆነ አልኮል ሲናጥ ከካፊሪኑ ከፊሉ ይሟሟል፤ ሌላው ግን እርስ በርሱ በድኝ ማሰሪያዎች ስለ ተቆላለፈ፣ እነዚህን ማሰሪያዎች የሚበጥስ መርካፕቶኤታኖል የተባለ ኬሚካል ካልተጨመረበት አይወጣም። ይህን ሥርዓት ፈረንሳውያኑ ላንድሪና ሙሮ በ1970 ለበቆሎ በአምስት ደረጃ ያዋቀሩት ሲሆን ወዲያው ለማሽላም ዋለ። ወፍ እንዳይበላው በሚመረጠው ቀይና ቡናማ ማሽላ ላይ ደግሞ ታኒን የተባለው የሚያጎመዝዝ ውሁድ ፕሮቲኑን አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ታኒኑን የሚስብ ነገር ካልታከለ በቀር የወጣው መጠን ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። በቅጠልና በግንድ ላይ የሚሠሩ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ሕዋሱ ሲሰበር የሚለቀቁት ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ሥራውን እንዳያበላሹ ናሙናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅዝቃዜ መያዝ ግድ ይላቸዋል።

በዚህ ሁሉ ልፋት የተገኘው ዕውቀት ቀላል አልነበረም። ከማሽላ ፕሮቲን አብዛኛውን የሚይዘው ካፊሪን፣ የሰው አካል ራሱ ሊሠራው የማይችለው ላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ከሞላ ጎደል የሌለበት ሆኖ ተገኘ፤ በማሽላ ብቻ የሚያድግ ሕፃን ለምን እንደሚቀጭጭ አንዱ ምክንያት በዚህ ታወቀ። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1964 ላይሲኑ ከፍ ያለ የበቆሎ ዘር ካገኙ በኋላ፣ እዚያው ራመሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል በማሽላም ተመሳሳይ ዘር ፍለጋ ጀምረው ከዓለም ስብስብ ወደ 9,000 የሚጠጉ ናሙናዎችን መረመሩ። በ1973 ባሳተሙት ውጤት ላይሲናቸው እጅግ ልቆ የተገኘው ሁለት ናሙናዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱም የኢትዮጵያ ነበሩ፤ በተራው ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 2 ግራም ያህል የሚገኘው ላይሲን በእነዚህ ከ3 ግራም በላይ ሆነ፤ የካፊሪናቸው ድርሻ አነስተኛ ነበርና።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባው፣ የወሎ ገበሬ ይህን ዓይነቱን ዘር ያቆየው ላቦራቶሪ ሳይነግረው መሆኑ ነው። ፍሬው ሲደርቅ ስለሚጨማደድ ምርቱ አነስተኛ ቢሆንም፣ ወተት በጉንጬ እያለ የሚጠራውን ዘር ከሌላው ማሽላ ጋር እየዘራ እሸቱን ጠብሶ ይበላው ነበር። ግኝቱ በሁለት ተመራማሪዎች ስም መታወቁ ተገቢ ነው፤ ዘሩን ለዘመናት መርጠው ያኖሩት ባለማሳዎች በዚያው ታሪክ ውስጥ ስፍራ ማጣታቸው ግን ፍትሕ አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከሱዳን ጓዳ ነው። በ1981 በፔሩ ሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከተቀቀለ ማሽላ ፕሮቲን ሰውነታቸው ሊጠቀምበት የቻለው 46 በመቶውን ብቻ ሲሆን ከስንዴ ግን 81 በመቶው ነበር። ካፊሪን ሲፈላ የድኝ ማሰሪያዎቹ ይበልጥ ስለሚጠላለፉ፣ በላቦራቶሪ ለአውጪው ያስቸገረው ባሕርይ በሆድም ውስጥ ለመፍጨት አስቸጋሪ ያደርገዋል። በዚያው ዓመት አክስቴልና ባልደረቦቹ ፔፕሲን በተባለው የጨጓራ ኢንዛይም ሲፈትሹት፣ ነሻና አብሬ የተባሉት የሱዳን የቦካ ማሽላ ምግቦች ከተራው ገንፎ ይልቅ በቀላሉ እንደሚፈጩ ተመለከቱ። ኪስራ የተባለውን ስስ የሱዳን ቂጣ በእርሾ የምታቦካው የገዳሪፍ ሴትና የማሽላ እንጀራ የምትጋግረው የወሎ ሴት የያዙት ሙያ የኬሚስቱን ድካም የሚያግዝ ዕውቀት መሆኑ አያጠራጥርም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ያዘነበለው ወደ ምርት ብዛት ነው። በወለንኮሚ የተወለዱት ገቢሳ ኤጀታ በፐርዱ የአክስቴል ተማሪ ሆነው ከተመረቁ በኋላ በሱዳን ሠርተው፣ ድርቅ የሚቋቋመው ሀጊን ዱራ 1 የተባለ ዲቃላ ማሽላ በ1983 እንዲለቀቅ አደረጉ፤ በ2009ም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ላይሲኑ የበዛው ዘር ግን ፍሬው ለስላሳና የተጨማደደ ስለሆነ በሰፊው ሳይስፋፋ፣ በአብዛኛው በዘር ባንክ መደርደሪያ ላይ ቀረ። መደርደሪያውም አስተማማኝ አልሆነም፤ በሚያዝያ 2023 የጀመረው የሱዳን ጦርነት በታኅሣሥ ወር ወደ ወድ መደኒ ሲደርስ የሀገሪቱ የዘር ባንክ ተዘረፈ። በየካቲት 2025 ከሱዳን የተላኩ የማሽላ ዘሮች በኖርዌይ በስቫልባርድ የበረዶ ምድር ውስጥ በሚገኘው የዓለም የዘር ማከማቻ ገብተዋል፤ የወሎና የገዳሪፍ ማሽላ ፕሮቲን በዚያው በበቀለበት ሀገር ላቦራቶሪ ወጥቶ እንዲመረመር ማድረግ ግን የሁለቱ ሀገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ግዴታ ነው።