የስንቅ ቀን (የእግር ጉዞ)

የስንቅ ቀን ለሳምንታት ወይም ለወራት በእግሩ የሚጓዝ ሰው ያለቀበትን ምግብና የማብሰያ ጋዝ ለመተካት ከጉዞ መንገዱ ወጥቶ በአቅራቢያው ባለች ከተማ የሚያሳልፈው ቀን ነው። ተጓዡ በዚያ ቀን ምንም ርቀት ካልሄደ በአሜሪካ ተጓዦች ዘንድ «ዜሮ ቀን» ይባላል።

ለምን ያስፈልጋል

በምሥራቅ አሜሪካ የሚገኘው የአፓላቺያን መንገድ 3,500 ኪ.ሜ. ያህል ይረዝማል። ከጆርጂያ ግዛት ስፕሪንገር ተራራ ተነስቶ 14 ግዛቶችን ካቋረጠ በኋላ በሜይን ግዛት ካታዲን ተራራ ላይ ያበቃል። ሙሉውን ለመጨረስ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ወር ይፈጃል። የአንድ ሰው የአንድ ቀን ደረቅ ስንቅ ከ0.7 እስከ 1 ኪ.ግ. ስለሚመዝን፣ አብዛኛው ተጓዥ የሚይዘው የጥቂት ቀናት ምግብ ብቻ ነው።

በከተማ የሚሠራው

ተጓዡ ስንቁን ከሱቅ ይገዛል፤ ወይም አስቀድሞ በስሙ ወደ ከተማዋ ፖስታ ቤት የተላከለትን ካርቶን ይረከባል። የትንንሽ ከተሞች ፖስታ ቤቶች እሑድ ዝግ ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው እስከ ሰኞ ሊጠብቅ ይችላል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ አጃና የመሳሰሉት ከካርቶናቸው ወጥተው በላስቲክ ከረጢት ይታሸጋሉ፤ ይህም ክብደትንና ቆሻሻን ይቀንሳል። ገላ መታጠብ፣ ልብስ ማጠብና ስልክ ቻርጅ ማድረግም የዚሁ ቀን ሥራዎች ናቸው።

ምሳሌ፦ ሞንሰን

ሞንሰን በሜይን ግዛት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከደቡብ ወደ ሰሜን ለሚጓዙ ሰዎች ከካታዲን በፊት የመጨረሻዋ የስንቅ ከተማ ነች። ከእሷ ቀጥሎ «መቶ ማይል» በሚል ስም የሚታወቀው 160 ኪ.ሜ. ያህል የሚረዝም ጫካ ይጀምራል። በዚህ ክፍል መንገዱ በከተማም ሆነ በሱቅ በኩል አያልፍም። በመግቢያው ያለው ማስጠንቀቂያ ቢያንስ የ10 ቀን ስንቅ ያልያዘ ሰው እንዳይገባ ይመክራል።

የስንቁን መጠን የሚወስነው የጉዞው ፍጥነት ነው። በቀን 0.8 ኪ.ግ. ቢታሰብ የ10 ቀን ስንቅ 8 ኪ.ግ. ይሆናል። በቀን 20 ኪ.ሜ. የሚሄድ ሰው ግን ጫካውን በ8 ቀን ስለሚያልፍ 6.4 ኪ.ግ. ይበቃዋል። ሆኖም በዚህ ክፍል ድልድይ የሌላቸው ወንዞች አሉ። ዝናብ ሲጥል ውኃው እስኪቀንስ መጠበቅ ግድ ሊሆን ስለሚችል፣ ልክ የ8 ቀን ብቻ የያዘ ሰው ስንቁ በመንገድ ሊያልቅበት ይችላል። በሌላ በኩል ሸክሙ የበዛበት ሰው ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ቀኑ ይጨምራል፤ ቀኑ ሲጨምር ደግሞ የሚያስፈልገው ምግብም ይጨምራል። አንዳንዶች ለዚህ መፍትሔ ለእንግዳ ማረፊያዎች ከፍለው፣ ጫካውን በሚያቋርጡ የእንጨት ጫኝ መኪና መንገዶች በኩል ስንቅ በባልዲ እንዲቀመጥላቸው ያደርጋሉ።

ወቅቱም ይታሰባል። ካታዲን በሚገኝበት ባክስተር ፓርክ የአዳር ካምፕ በጥቅምት (ኦክቶበር) አጋማሽ ገደማ ይዘጋል። በዚህም ምክንያት ወቅቱ ሲያልቅ ሞንሰን ለደረሰ ተጓዥ አንድ ተጨማሪ የዕረፍት ቀን የወራት ጉዞውን ሳይጨርስ ሊያስቀረው ይችላል።